የዘለልኳት መስመር

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ሰው «ጎበዝ አስተርጓሚ ነበርክ አሉ» ሲለኝ እስካሁን የምገባበት ይጠፋኛል።

የዚያን ዓመት የካቲት ላይ ኤማ የምትባል የውጭ አገር ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ መጣች። ሸኮ አካባቢ ካለ የገበሬዎች ማኅበር ጋር ሁለት ወር ሠርታ፣ ከጫካ ኮረሪማ ስለሚለቅሙ ሴቶች ልትጽፍ ነው። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። አገሯ ስትመለስ ለውጭ ትምህርት የሚሆነኝ የድጋፍ ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ቃል ስለገባችልኝ፣ በሐሳቤ አውሮፕላን ከተሳፈርኩ ቆይቻለሁ።

ከጥያቄው በፊት ለሴቶቹ አንድ ወረቀት ይነበባል፤ የተስማማች ትፈርማለች፣ መጻፍ የማትችል በጣቷ። ወረቀቱ ላይ «በመሳተፍዎ የሚያገኙት ነገር የለም፤ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ» የሚል መስመር አለ። የመጀመሪያ ቀን እንዳለ ተረጎምኩት። ሴቶቹ ተያዩና «እንግዲያ ለምን እንፈርማለን?» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። አልፈርድባቸውም። እኛ ዘንድ ሰው ጣቱን ቀለም የሚያስነካው ወይ ለመሬት ወይ ለእርዳታ ነው።

በማግስቱ መስመሯን ዘለልኳት። በሦስተኛው ቀን ይባስ ብዬ «የተመዘገበ ሰው የኮረሪማ ችግኝ ሳይደርሰው አይቀርም» አልኩ። ሰልፉ ረዘመ። ኤማ አማርኛ አታውቅም። «ምን ብለሃቸው ነው?» ስትለኝ «በደንብ አስረዳኋቸው» አልኳት። ደስ ብሏት አመሰገነችኝ።

ሚያዝያ ላይ ሄደች። ደብዳቤውም መጣ፤ «ታማኝ» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ አለበት።

ሰኔ ላይ የግቢው ጥበቃ እንግዳ እንዳለኝ ላከብኝ። በሩ ላይ የቆሙት ከተመዘገቡት ሴቶች አንዷ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ማርታ ናቸው። የፈረሙበትን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

«ልጄ፣ የመትከያ ጊዜ እያለፈ ነው። ችግኝ መቼ ይመጣል?»

እዚያው እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? «ትንሽ ይጠብቁ፣ እትዬ ማርታ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። ቅዳሜ ሸኮ ሄድኩ። ከቤታቸው ጀርባ በቆሎ የሚዘሩበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሯል። ጉድጓዶቹ ውስጥ ዝናብ ተጠራቅሟል። አንድ አገዳ በቆሎ የለም።

«ቦታውን ለችግኙ ለቀቅሁ» አሉኝ ቆሜ ሳይ።

«እትዬ ማርታ፣ ችግኝ የለም። ልጅቷም አላለችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ጉድጓዱ ዳር ቁጭ አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለኔስ ይሁን» አሉ። «ለጎረቤት ምን ልበል? እነሱ አንተን አላመኑም። ‹ቆፍሩ፣ ልጁ አይዋሽም› ያልኩ እኔ ነኝ።»

ለካ ከታች ያሉት ሦስት ቤቶችም በእሳቸው ቃል በቆሎውን ትተው ቆፍረዋል። ወይዘሮ ማርታ ተነሡና «ና፣ ራስህ ንገራቸው» አሉኝ።

በየደጁ እየቆምኩ ተናገርኩ። አንዱ አባወራ ከግቢዬ ውጣ አለኝ፤ እውነቱን ነው። በማግስቱ ለኤማ ሁሉንም ጻፍኩላት። ያን ሁሉ የለፋችበትን ቃለ መጠይቅ ከጥናቷ አወጣችው። ደብዳቤዋንም የትም አላስገባሁትም።

ሰው ወጣትነት ነው ብሎ ሊያጽናናኝ ይሞክራል። እኔ ግን ያንን ቅዳሜ ሳስታውስ የሚታየኝ የራሴ ውሸት አይደለም። በሦስቱም ደጅ እኔ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ስል፣ አጠገቤ ቆመው አንገታቸውን የሚደፉት ወይዘሮ ማርታ ነበሩ።