ፀጉሩን የተቆረጠው ሾፌር

ልጅ እያለሁ ፊልም የሚጻፍ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ፊልም ማለት ጋሽ ንጋቱ የሚናገረው ነገር ነበር። ይሄ ትዝ ያለኝ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ልጄ ሃና ግቢያችን ካለው ማንጎ ስር ተቀምጣ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር በቴሌግራም ትጨቃጨቃለች። ጭቅጭቁ ስለ አንድ የጠፈር ፊልም ነው። ስልኩን አፏ ላይ ደቅና «ጀግናው በደንብ አልተጻፈም፤ ልጁን ጥሎ ለምን እንደሄደ በቂ ምክንያት አልተሰጠውም» ትላለች። እኔ ባጃጄን እያጠብኩ ነበር። አላስችል አለኝና «ሰው ልጁን ጥሎ ሲሄድ ምክንያት ሰጥቶ ነው እንዴ የሚሄደው?» አልኳት። «አባዬ ደግሞ! ይሄ እኮ ፊልም ነው» አለችኝ።

አውቃለሁ ፊልም እንደሆነ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ የማይገባበት ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ነው። ቢሆንም ፊልምና ኑሮ መለየት አያቅተኝም። ግን እኔና አንድ ጓደኛዬም ከእሷ አንሰን ሳለን በዚሁ ነገር ተጣልተናል። የእኛ ጠብ ደግሞ በስልክ አልነበረም።

የጋሽ ንጋቱ ቪዲዮ ቤት ከባሮ ወንዝ ዳርቻ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው ግንድ። በጋምቤላ ፀሐይ ቆርቆሮ ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ጋሽ ንጋቱ ግድግዳውን በጆንያ ይሸፍንና ጆንያውን በውሃ ያስረጨው ነበር። ውሃውን የምናመጣው እኛ ልጆቹ ነን። አንድ ጀሪካን የባሮ ውሃ ያመጣ ልጅ ይገባል፣ ያላመጣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያል። እርጥብ ጆንያ፣ የጄኔሬተር ጭስ፣ ከጎን ቤት የሚጠበስ ዓሣ፣ የሰው ላብ። ሲኒማ ሲባል እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው ይሄ ነው።

ፊልሞቹ በሙሉ እንግሊዝኛ ናቸው። እዚያ የሚገባው አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ እንደ እኔ ያለው ደገኛም የሚግባባው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ጋሽ ንጋቱ የሸንበቆ ዘንግ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ፊልሙን ይነግረናል። እንግሊዝኛ እንደማያውቅ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ያሳለፈው ጋምቤላና ጅማ በሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ላይ ረዳት ሆኖ ነው፤ የሚያውቀው መንገድ እሱ ነው። ስለዚህ የሰማዩ መንኮራኩር በእሱ አፍ መኪና ነው፣ ጀግናው ሾፌር ነው፣ ኮከቦቹ ኬላ ናቸው። መንኮራኩሩ አንዲት ቀይ ኮከብ አጠገብ ሲደርስ ዘንጉን ይደቅንና «ይቺን በደሌ በሏት፤ ከዚህ ወዲያ ማደያ የለም!» ይላል። ጭንቅላታቸው የሰፋ አረንጓዴ ፍጡሮች ሲመጡ «ፈታሾች ናቸው፤ ዝም በሉ፣ መንጃ ፈቃድ እየጠየቁት ነው» ይለናል። ዝም እንላለን።

አንዱ ካሴት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥብን ነበር። አገሩ ውሃ ደርቆበታል። ፀጉሩ የረዘመው ጢማሙ ሾፌር ኮፍያውን እንዳደረገ ትንሽ ልጁን አቅፎ ይሰናበተውና ውሃ ያለበት አገር ሊፈልግ በመንኮራኩሩ ይሄዳል። ብዙ መከራ ያያል። መጨረሻ ላይ መንኮራኩሩ አቧራውን እያስነሳ ያርፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወርዳል፣ ያ ልጅ አድጎ ጎረምሳ ሆኖ ወደ እሱ ይሮጣል። እዚህ ጋ ጋሽ ንጋቱ ዘንጉን ወደ ላይ ያነሳና «ይኸው መጣ! ልብሱን ቀይሮ መጣ!» ብሎ ይጮሃል። ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል፣ ይጨፈራል፣ ቆርቆሮው ይደበደባል። ያን ሰው ፊቱን ያየው አልነበረም። ሁላችንም ቆመን ነበራ።

እኔ በዚያ ፊልም ላይ ጉዳይ ነበረኝ። አባቴ የሰፈራ ሰው ነው፤ ከወሎ አምጥተው እዚህ ካሰፈሯቸው አንዱ። መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ሰው ወደ አገሩ ተመለሰ። አባቴም «መሬታችንን አይቼ ዝናብ ሳይገባ እመለሳለሁ፤ ስመለስ ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ» ብሎኝ በጭነት መኪና ላይ ወጣና ሄደ። ዝናቡ ገባ። ሌላም ዝናብ ገባ። እናቴ ከመንደራችን ወደ ከተማ ይዛኝ ገብታ የሰው ልብስ ባሮ ላይ ታጥብ ጀመር። ልታስመዘግበኝ እጄን ስትይዘኝ እምቢ እላለሁ። የሚያስገባኝ አባቴ ነው። እሱ መጥቶ ሌላ ሰው አስገብቶኝ ቢያገኘኝ ምን ይለኛል? ይሄ ነበር የእኔ ብልጠት።

ኦኬሎ ጓደኛዬ ነው። አኙዋክ ነው፣ አባቱ ዓሣ አጥማጅ። ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ከሰዓት ከእኔ ጋር ጀሪካን ይሸከማል። አማርኛው አጭር ነው፤ የሚናገረው ግን ይገባል። ያንን ሾፌር አይወደውም። ወንዙ ዳር ጀሪካናችንን እየሞላን ሁሌ በእሱ እንጨቃጨቃለን።

«ይሄ ሰውዬ ጥሩ አድርገው አልሠሩትም» ይላል ኦኬሎ። «አይበላም። ይሄን ሁሉ መንገድ ሄዶ አንድ ቀን አልበላም።»

«ጀግና አይበላም።»

«አባቴ ጀግና ነው፣ ይበላል። ደግሞ ሽማግሌ አልጠየቀም። ልጁን ለማን ሰጠ? ዝም ብሎ ሄደ።»

«ይመለሳላ! መጨረሻውን አላየህም?»

«ይሄ ነው ውሸቱ» ይላል ጀሪካኑን ከውሃው እየጎተተ። «ልጁ ትልቅ ሆነ፣ ጢም አወጣ። አሁን መጥቶ ምን ያደርጋል? እውነት ቢሆን ልጁ አይሮጥም። ድንጋይ ይወረውራል።»

«አንተ የዓሣ ልጅ፣ ምን ታውቃለህ!»

«አንተ ደገኛ፣ አትጠብቀው። ነገ ና፣ አብረን ትምህርት ቤት እንሂድ።»

ስለማን እንደምንከራከር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስሙን ግን አንጠራም። እኔ ሾፌሩ በደንብ የተሠራ ሰው ነው ብዬ ከረርኩ። ቃሉን ጠብቋል፣ ዘግይቷል እንጂ መጥቷል። እሱ ደግሞ ሾፌሩ ካልተሸነፈ እኔ እዚያው ጀሪካኔ ላይ ቁጭ ብዬ እንደምቀር ገብቶታል። እልኸኛ ነው። አንድ ቀን አልለቀቀኝም።

ከዚያ ጋሽ ንጋቱን ወባ ያዘው። ሚስቱ እትዬ አስካለ ጄኔሬተሩን አስነሳች፣ ካሴቱን ከተተች፣ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሰው «ማን ይነግረናል?» ብሎ ሲያጉረመርም «ዓይን የላችሁም? ዝም ብላችሁ እዩ!» አለች። አየን። ያን የመሰለ ዝምታ በዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። በደሌ የለ፣ ኬላ የለ፣ ሰዎቹ በማናውቀው ቋንቋ ይነጋገራሉ። መጨረሻው ላይ መንኮራኩሩ አረፈ፣ በሩ ተከፈተ። «ይኸው መጣ» የሚል ስለሌለ ማንም አልተነሳም። ሁላችንም ተቀምጠን የሚወርደውን ሰው አየነው።

ሌላ ሰው ነው። ወጣት፣ ቀጭን፣ ፀጉሩ አጭር፣ ጢም የሌለው። የሾፌሩን ኮፍያ በሁለት እጁ ይዟል። ጎረምሳው ሮጦ ደረሰና ቆመ። ሰውዬው ኮፍያውን ሰጠው። ልጁ መሬት ላይ ተቀመጠ። አለቀ።

«ውይ! ሞቷል እንዴ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ቤቱ ተንጫጫ። «እስከ ዛሬ ሲያታልለን ነው!» የሚል አለ፣ የሚስቅ አለ። እኔ ጀሪካኔን አንስቼ ወጣሁ። ኦኬሎ ተከተለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልፈለግሁም። ይሄ ሁሉ ክርክር በእሱ አሸናፊነት ማለቁ ነው፤ አሁን ይስቅብኛል፣ ወይም ያንን ትምህርት ቤቱን ያነሳብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ወንዙ ዳር ደረስን። ኦኬሎ ጀሪካኑን ውሃው ውስጥ ከትቶ ሞላው። ከዚያ ፊቱን ወደ ወንዙ እንዳዞረ «እሱ ነው» አለ።

«ማን?»

«ሾፌሩ። እሱ ነው። ፀጉሩን ተቆርጦ ነው።»

ያኔ ነው ነገሩ ያመመኝ። ኮፍያውን ሳየው እንኳ እንደዚያ አላመመኝም። አንድ ቀን «እሺ» ብሎኝ የማያውቅ ልጅ፣ ዓይኔ እያየ ያሸነፈውን ክርክር ለእኔ ሊተውልኝ ነው። እንዲህ የሚያደርጉት ለምስኪን ነው። አባቴ እንደማይመጣ ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። «ውሸታም!» አልኩት። ገፍቼው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ አብረን ጀሪካን አልተሸከምንም።

ጋሽ ንጋቱ ሲሻለው ሰዉ ያዘው። «ለምን ዋሸኸን?» ሲሉት ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ «ይሄን ሁሉ ሕዝብ በዚህ ሙቀት ቆርቆሮ ውስጥ ዘግቼ፣ ልጆቹን ውሃ አሸክሜ፣ ሲያበቃ ሞተ ብዬ ልሸኛችሁ? ሾፌር ይመለሳል፣ አለቀ!» አላቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ዘንጉን አንስቶ «ይኸው መጣ!» ሲል ሰዉ እንደ ድሮው ብድግ ብሎ ጨፈረ። እኔ አልነበርኩም፤ ሲወራ ነው የሰማሁት።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። እስከዚያ ድረስ አባቴን እጠብቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የእናቴ ወገብ እምቢ አለና ጀሪካኑ እውነተኛ ሥራዬ ሆነ። ለሆቴል ውሃ ተሸከምኩ፣ ድንጋይ ጫንኩ፣ ጋሪ ገፋሁ። ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አቅቶኝ ልጄን ያልታዘዘላትን መድኃኒት ላጠጣት ስል ነርሷ በጩኸት አስጣለችኝ። የማታ ትምህርት የገባሁት በማግስቱ ነው። አባቴ ወሎ ውስጥ ሌላ ቤት መሥርቶ፣ ሌሎች ልጆች ወልዶ እዚያው አረፈ። ሰው ነው የነገረኝ። ኮፍያም አልመጣልኝም።

አሁን ቪዲዮ ቤቱ የለም፤ ቦታው ላይ የሲሚንቶ መጋዘን ቆሟል። ሃና ፊልሟን የምታየው ብቻዋን ነው፣ ጆሮዋን ደፍና፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ። ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ አንብባ ትጨርሳለች፤ እኔ ግማሹ ላይ ሳለሁ ይጠፋብኛል። ማንም አይዋሻትም። ጀግናው ከሞተ ሞተ፣ ካልተጻፈም አልተጻፈም። ይሄ ጥሩ ነው። እኔ ያጣሁትን እሷ አግኝታለች፣ አልቀናባትም። ግን አጠገቧ የሚቆምና ዘንግ የሚያነሳ ሰው የላትም። ሲከፋትም ከማታየው ሰው ጋር ነው የምትጨቃጨቀው።

ያን ቅዳሜ ሁሉን ነገርኳት። እንዲህ ረጅም አውርቼላት አላውቅም። አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቅላ፣ በኋላ ሁለቱንም ነቅላ ሰማችኝ። «ታዲያ ኦኬሎ የታል?» አለች። እዚሁ አቅራቢያ ኢታንግ ከተማ ነው፤ መምህር ሆኗል። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጅ እንጨባበጣለን፣ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፣ በቃ። «ደውልለታ» አለችኝ። ተበሳጨሁ። ሰውን ከመሬት ተነስቶ ደውሎ ምን ይባላል? እሷ ግን ቁጥሩን ከስልኬ ፈልጋ ደውላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አቤት ወዳጄ» አለ ኦኬሎ። ከኋላው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

ሰላምታውን ረሳሁት። «ያ ሾፌር ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም?» አልኩት።

ከኋላው የነበረው ጫጫታ ራቀ፤ ወደ ጎን ወጣ መሰለኝ። «አንተ ደገኛ» አለ፣ አሁን አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፣ «ያን ጊዜ ነግሬሃለሁ እኮ። ፀጉሩን ተቆርጦ ነው።»

ሃና ታየኛለች። ባጃጁ ላይ የነበረው ሳሙና ደርቋል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነኝ ሰው ነኝ፣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማን እንደሞተም አውቃለሁ።

«አዎ» አልኩት። «ጢሙንም ተላጭቷል።»