ከሳጥን ክዳን የሠራሁት መፈተሻ

የእህቴ ባል የእጄን ሥራ ነጠቀኝ። መፈተሻ ሰሌዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተጨበጨበለትና ከጭቃ የወጣበት እሱ ነው። ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። አዙሮ መናገር ያደክመኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሐይቅ ዳር የአምራቾች ማኅበር ነበረን፤ በቦይ ገብቶ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ እየሳበ ወደ ማሳ የሚያወጣ ሞተርም ተሰጥቶን ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ሎሚ የመሰለ ፕላስቲክ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ውሃው ሲሞላ ይንሳፈፋል፤ ሲጎድል ይወርድና ሞተሩን ያጠፋል። እኛ ዘበኛ ነበር የምንለው። ዘበኛው የታመመ እንደሆነ ሞተሩ ውሃ እያለ ይቆማል፣ አለዚያም አየር እየሳበ ይቃጠላል። ሞተሩ በቆመ ቁጥር ጥፋቱ የማን እንደሆነ አናውቅም። ሁሉን ፈትተን፣ ሁሉን ገጥመን፣ ቀኑ ይመሻል፤ ሽንኩርቱ ይጠወልጋል።

እኔ ቦይ ቆፋሪ ነበርሁ። ፊደል አልቆጠርሁም። ግን ዘበኛውን ብቻውን የሚጠይቅ ነገር ቢኖር ብዬ አሰብሁ። ጣውላ አጥቼ የሟች እናታችንን የልብስ ሳጥን ክዳን ገነጠልሁ። ሳጥኑን ምስጥ ጨርሶት ነበር፤ ክዳኑ ዋንዛ ስለሆነ ተርፏል። ጥጉ ላይ እህቴ በልጅነቷ በቢላ የቧጨረችው ጭረት አለ። በላዩ የባትሪ ድንጋዮች በጎማ አሰርሁ፣ የእጅ ባትሪ አምፑል ተከልሁ፣ ምስማሮች መታሁ፣ በሽቦ አገናኘሁ። መጀመሪያ ድንጋዩን አበዛሁትና አምፑሉ ቦግ ብሎ ሞተ። አምፑል ለውጬ አንዱን ድንጋይ ቀነስሁ። የዘበኛውን ሁለት ሽቦ ከምስማሮቹ ጋር ታስርና ዘበኛውን ሳፋ ውሃ ላይ ታስቀምጠዋለህ። አምፑሉ ከበራ ደህና ነው፤ ደብዘዝ ካለ ውስጡ ዝጓል፤ ካልበራ ሙት ነው። ከውሃው ስታነሣው ደግሞ መጥፋት አለበት። ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱን ምስማር በማንኪያ ታነካካለህ፤ ሰሌዳው ራሱ ሞቶ ዘበኛውን ሞተ እንዳይል። ያችን ማንኪያ ሳስብ ስንት ቀን እንደቆዘምሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ታይፎይድ ጣለኝና ደሴ ሐኪም ቤት ተኛሁ። ሰሌዳውን ሞተሩ ዘንድ ትቼው ነበር። ከስቼ፣ በምርኩዝ ስመለስ ስብሰባ ላይ ደረስሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የኔን ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ አጠገቡ የእህቴ ባል ቆሟል።

«ጓዳችን በራሳቸው ጥረት የፈጠሩት!» አለ። ተጨበጨበ። እስከ ውጫሌ ድረስ ያሉትን ሞተሮች እየዞረ እንዲፈትሽም ተመደበ። እኔ አካፋዬ ይጠብቀኝ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ያዝሁት። «አንተ፣ ይኸ የኔ አይደለም እንዴ?»

«ወንድምዓለም፣ ያው የቤተሰብ ነው። አንተ ስምህን እንኳ አትጽፍ። ስብሰባ ፊት ቆመህ ምን ልትል ኖሯል?»

«አምፑል ለመብራት ፊርማ ይጠይቃል?»

«አምፑሉስ አይጠይቅም፤ ሊቀ መንበሩ ይጠይቃል» አለና ሳቀ።

መሠረተ ትምህርት የገባሁት በዚያ ሳቅ ነው። ያስተማረኝ እልህ ነው። የእህቴን ደጅ መርገጥም ተውሁ። ወለደች፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው ጎረቤት ሁሉ ገባ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከብኝ፤ አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ። የእህቴ ቤት ተቀመጥን። ሰሌዳው መሀል ተቀመጠ።

«የሠራው ማነው?» አሉ ሼሁ። ሁለታችንም «እኔ» አልን።

«አንዱ ጣውላ ሁለት አባት አለው እኮ!» አሉ ቄሱ። ማንም አልሳቀም።

«ምስክር አለህ?» አሉኝ ሼሁ።

እህቴ ልጇን አዝላ የበሩን መቃን ተደግፋለች። ዓይኗ ጭረቱ ላይ ነው። ባሏ ያንን ጣውላ ይዞ ከገባበት ቀን ጀምሮ አውቃለች። ጠይቋት ብል እውነቱን ትናገራለች፤ ውሸት አታውቅም። ከዚያ በኋላስ እዚያ ቤት እንዴት ትኖራለች?

«የለኝም» አልሁ።

«እንግዲያ እሱ ይማል?» አሉ ሼሁ።

የባሏ ፊት አመድ መሰለ። እኛ አገር የሐሰት መሐላ የማለውን ትቶ ልጁን ይይዛል ይባላል። ልጁ የእናቱን የነጠላ ጫፍ ይጠባል።

«አይማል» አልሁ።

«ለምን?»

«ደከመኝ።»

ሼሁ ብዙ አዩኝ። ወደ በሩም ዞረው አዩ። «አላህ አይቷል» አሉ። «ታዲያ ሰሌዳውስ?»

«ይሁንለት።»

አስነሥተው አስተቃቀፉን። ጆሮዬ ሥር «ይቅር በለኝ» አለኝ።

«ጮክ ብለህ በለው» አልሁት። እጁን ከትከሻዬ አነሣ።

ልወጣ ስል እህቴ መንገዴ ላይ ቆመች። «ሳትበላ ነው?» አለች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ተመልሼ ተቀመጥሁና በላሁ። ሰሌዳው ተመልሶ ከፊቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማንኪያዋም በክር ታስራ አብራ ተንጠልጥላለች።

ጉዳዩ ያለቀው የካቲት 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው።