የሞቀው ኮፈን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት የአንዲት ነጭ አውቶሞቢል ፎቶ በስልኬ ላከችልኝ። ሐያት ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ታስተምራለች፤ በቾ ቦሬ ካለው ቤታችን እዚያ ለመድረስ በየጠዋቱ ከባጃጅ ጋር መከራከር ሰልችቷታል። ከፎቶው ሥር «አባ፣ ያገለገለች ናት፤ ግን ቱርቦ አላት። ምን ትላለህ?» ብላ ጽፋለች። መነጽሬን አስተካክዬ አነበብኩት። «ቱርቦ» የምትለውን ቃል ሳይ ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ቀጭን ፉጨት ተነሣች። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሰማኋት ፉጨት ናት። ያኔ ሙዚቃ መስላኝ ነበር።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራዬ ቡና መሰብሰብ ነው፤ በአጋሮ፣ በጌራና በየቡ ገበያዎች እየዞርኩ ከገበሬ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና እገዛለሁ፤ ጅማ አምጥቼ ለአቅራቢ እሸጣለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ጆንያ ነው። ጆንያ ጥሩ አስተማሪ ነው። አፉ ላይ ያለውና ሆዱ ውስጥ ያለው አንድ እንዳልሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ያሳይሃል፤ ክፍያውንም እዚያው ይቀበልሃል።

ናስር የሚባል ባልንጀራ ነበረኝ። የአጋሮ ልጅ ነው፤ በአራት ዓመት ያንሰኛል፤ ሲያቆላምጠኝ «አብዱ ኮ» ይለኛል፣ በኦሮምኛ «የኔ አብዱ» ማለት ነው። ወደ ንግዱ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቡናን በጥርስ ሰብሮ ድርቀቱን ማወቅ፣ ከገበሬ ጋር መጀመሪያ ስለ ዝናብ ሳያወሩ ስለ ዋጋ አለማንሣት፣ ይህን ሁሉ ከእኔ ተማረ። የማልኮራበትንም አስተምሬዋለሁ። እርጥበቱ ያልለቀቀው ቡና በእጅህ ሲቀር፣ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ጆንያውን ፀሐይ ላይ አቁመህ አሙቀው፤ ገዢው እጁን ሲከት ሙቀቱ «ደረቅ ነው» ብሎ ይመሰክርልሃል። ይህን ስነግረው ናስር ሆዱን ይዞ እንዴት እንደሳቀ ዛሬም ይታየኛል። ሳቁ ደስ ይል ነበር። ከዚያ አልፌ ያየሁት ነገር የለም።

በእኛ ነጋዴዎች መካከል አንድ ደንብ ነበር። ቡና ገዢ ሁሉ ጆንያ የሚወጋበት ሹል ብረት ይይዛል፤ ብረቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከጆንያው ሆድ ጥቂት ፍሬ ይዞ ይወጣል። ከማያውቁት ሰው ሲገዙ ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ይወጋሉ። ከወዳጅ ሲገዙ ግን ብረቱን መሬት ላይ ያስቀምጡታል። ያ ማስቀመጥ ከመሐላ ይበልጥ ነበር። እኔና ናስር አንዳችን የሌላውን ጆንያ ወግተን አናውቅም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር አንድ ወሬ መጣ። አንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ቡና ላኪ ቅዳሜ አጋሮ ገብቶ ለአካባቢው በሙሉ አንድ ወኪል ሊመርጥ ነው። የሚፈልገው ጥሩ ናሙና ያለውና በአንድ ቀን ሦስት ገበያ የሚያዳርስ የራሱ መኪና ያለው ሰው ነው ተባለ። ወኪል መሆን ማለት በጭነት መኪና ጀርባ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ በዝናብ ከመመታት መገላገል ማለት ነው። ናሙናው ነበረኝ። መኪና አልነበረኝም።

ሐሙስ ዕለት ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ካለ ሻይ ቤት ከናስር ጋር ጨጨብሳ በማር እየበላን ይህንኑ አነሣሁበት። ማሩ የጫካ ነው፤ ጉሮሮ ይይዛል።

«ለመኪና ነው የምትጨነቀው?» አለኝ። «እኔ ጋ አንዲት አውቶሞቢል አለች። አጎቴ ከአዲስ አበባ ያመጣት ናት። ቱርቦ!»

«ታዲያ አንተ ለምን ለውክልናው አትወዳደርባትም?»

«እኔ?» ጣቱ ላይ የቀረውን ማር ላሰ። «አንተ እያለህ?»

በማግስቱ ጠዋት እዚያው ሰፈር የተከራየው ግቢ ሄድኩ። ሰማያዊ አውቶሞቢል ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ተወልውሎ ቆማለች። ኮፈኗ ላይ እጄን ሳሳርፍ ሞቅ አለኝ።

«እንዳታስቸግርህ አሙቄ አቆየኋት» አለ። ቁልፉን ሰጠኝ፤ አንዴ ነካ ሳደርጋት ተነሣች። ጭስ የለም። ነዳጅ ስሰጣት ከውስጥ ቀጭን ፉጨት መጣ።

«ይሄ ፉጨት ምንድነው?»

«ቱርቦ ነዋ! የማያፏጭ ቱርቦ የት አይተሃል?»

እውነቱን ነው፤ የሚያፏጭም የማያፏጭም አይቼ አላውቅም። «ዘይቷን ትናንት ነው የቀየርኩላት፤ ቦሎዋም አልተቃጠለም» አለኝ። ሰፈራችን በቾ ቦሬ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሞተር በጆሯቸው የሚያነቡ መካኒክ ነበሩ። «ጋሽ ታደሰ አንዴ ቢያዩዋትስ?» አልኩት።

ናስር በጥፊ የተመታ ሰው መሰለ። «አብዱ ኮ… እኔ ላይ ብረት ልታወጣ ነው?»

አፈርኩ። ይኸው ነው፤ አፈርኩ። የሦስት ወቅት ጥሪቴን አስረከብኩና የመኪናዋን ሊብሬ ይዤ ወጣሁ። ናስር «ወላሂ» ሳይል ውሃ የማይጠጣ ሰው ነው፤ ስለ ዝናብ እንኳ ሲያወራ ይምላል። ያን ጠዋት አንድም ጊዜ አልማለም። ይህን ያስተዋልኩት ግን በማግስቱ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ ብዙ የማሰቢያ ጊዜ ሳገኝ ነው።

ቅዳሜ ሲነጋ፣ ብርዱ ሳይለቅ አስነሣኋት። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። ጎረቤታችን እማማ ዘነበች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አብዱ! ቤትህ እየተቃጠለ ነው ወይስ ትንኝ እያባረርክ?» አሉኝ። ሲሞቅ ይተዋታል ብዬ ናሙናዬን ጭኜ ወጣሁ። ሜዳው ላይ በረረች። ጉሙ ከቡና ዛፎቹ ላይ እየተነሣ፣ በየደጁ ባለው የማድረቂያ አልጋ ላይ ቀዩ ቡና ተሰጥቶ፣ መስኮቱን ከፍቼ ያን እርጥብ ጣፋጭ ሽታ እየማግሁ ወኪል ሆንኩ። ወኪልነቴ እስከ የቡ አቀበት ድረስ ቆየ።

አቀበቱ ላይ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር የመኪናዋ ጉልበት ያንሳል። ፉጨቷ ጩኸት ሆነ፤ ከዚያ ጩኸቱም ቀረ። ከኋላዬ የነበረው መንገድ በጭሱ ጠፋ። ከጭሱ ውስጥ አንድ ገበሬ ጀንፈል የጫነች አህያውን እየነዳ ወጣ፤ ደረሰብኝ፤ አለፈኝ፤ ዞሮም አየኝ።

«ማሎ ኦቦ» አለ፣ «ምነው ጌታው» እንደማለት፣ አዝኖልኝ፤ «ዕቃ ካለህ ጫንባት። እሷ አትቆምም።»

መኪናዋ እዚያው ቆማ ቀረች፤ ብዙ ጠብቄ የአንድ ጭነት መኪና ጆንያ ላይ ወጥቼ አጋሮ ደረስኩ። ቀትር አልፏል። ላኪው ካረፈበት ምግብ ቤት ስገባ ምሳ ጨርሶ እጁን ይታጠባል፤ ውሃውን የሚያፈስለት ናስር ነው። ወኪሉ ተመርጧል፤ እሱው ናስር ነው። ደጅ ላይ አንዲት ፒካፕ ቆማለች፤ የናስር ናት፤ ቀብዷ የተከፈለው ዓርብ ከሰዓት መሆኑን ለመስማት ብዙ አልፈጀብኝም፤ አጋሮ ወሬ የምታሳድር ከተማ አይደለችም። ዓርብ ጠዋት የከፈልኩት ገንዘብ የት እንደዋለ ያኔ ገባኝ።

ናስር አየኝና፣ «አብዱ ኮ! ምነው ዘገየህ?» አለኝ።

መኪናዋን አስጎትቼ ጋሽ ታደሰ ጋ አደረስኳት። አየር የሚያልፍበትን ወፍራም ቱቦ ነቅለው ዘቀዘቁት፤ የሞተር ዘይት ፈሰሰ። ቀጥለው ጣታቸውን ከትተው የቱርቦውን ዘንግ ነቀነቁ።

«እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ጥርስ!» አሉ። «ስማ አብዱ፤ ቱርቦ የሚታየው አድሮ ቀዝቅዞ ነው። ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ካጨሰ ዘይት ይበላል። ይህን ቱቦ ትፈታለህ፣ ዘንጉን ትነካለህ። አቀበት ታስወጣታለህ፤ ሜዳ ላይማ ምን የማይሮጥ አለ? የዘይቱን ክዳን ስትከፍት ወተት የመሰለ ካየህ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ትተሃት ሂድ። ዘይቱ አዲስ ከሆነ ደግሞ ለምን አሁን ተቀየረ በል። ወፍራም ዘይት ጩኸቱንም ጭሱንም ለሁለት ቀን ይሸፍናል።»

«ናስር ነው የሸጠልኝ።»

«አውቃለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ አምጥቷት ነበር። ይህንኑ ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «መች አመጣሃት?»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ናስርን ከፒካፑ አጠገብ አገኘሁት። እንደምመታው አስቤ ነበር የሄድኩት። «ዋሸኸኝ» ብቻ ነው ከአፌ የወጣው።

«ምን ብዬ?» አለ፣ ረጋ ብሎ። «አሙቄ አቆየኋት አልኩህ። ዘይቷን ትናንት ቀየርኩ አልኩህ። የቱ ነው ውሸቱ?»

ከቡና ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ቃሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ጠጠር የለም። «ኮፈኑን ያሞቅኸው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ማሞቁን ማን አስተማረኝ?»

አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋን ለመለዋወጫ ሸጥኳት። ከዚያ ወዲህ ጆንያ አሙቄ አላውቅም፤ ከጽድቅ አትቁጠሩልኝ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ጆንያ ሳይ የናስር ጥያቄ ስለሚመጣብኝ ነው። ናስርና እኔ ዛሬ ሁለታችንም ሸብተናል። ለቅሶ ቤት እንገናኛለን፤ «አሰላሙ አለይኩም» ይለኛል፣ እመልስለታለሁ። ጥሪቴን በሁለት ወቅት መለስኩት። ብረቱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም መሬት ላይ አስቀምጬው አላውቅም።

ለሐያት፣ «ባለቤቱ እኔ ሳልደርስ እንዳያስነሣት» ብዬ መለስኩላት። ትናንት ማለዳ አብረን ሄድን። ሻጩ የሥራ ባልደረባዋ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣ ቀጭን ወጣት ነው። ነጯ መኪና ላይ የሌሊቱ ጤዛ እንዳለ ነው። ኮፈኗ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው።

«አባባ፣ ሳልነግርዎት እንዳያስነሧት» አለ ወጣቱ። «ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታጨሳለች። መካኒክ አይቷት ቱርቦው መታደስ አለበት ብሎኛል። ዋጋዋን ዝቅ ያደረግሁት ለዚያ ነው።»

አስነሣት። እንዳለውም አጨሰች። ሐያት ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ በርቷል። ይህን ንግግር ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ሠላሳ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ሲመጣ ግን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ይህን የነገረኝ ምኑን ደብቆ ነው እያልኩ በልቤ ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ወጋሁት።

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ የማውቀው የለም አባባ» አለና ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለ። «ከፈለጉ ወደ ራስዎ መካኒክ ይውሰዷት፤ ቁልፉ ይኸው።»

ቁልፉን ዘርግቶ ቆመ። እኔ ወደ መኪናዋ ፊት ዞሬ ሄድኩና እጄን መልሼ ኮፈኑ ላይ አደረግሁ።

«አባ፣ አሁን እኮ ነካኸው!» አለች ሐያት።

ሞተሩ ሲሠራ ቆይቷል፤ ብረቱ ከመዳፌ ሥር መሞቅ ጀምሯል። እሳት እንደነካው ሰው እጄን ሰበሰብኩ።