የቫስካ ግራ ክንድ

መስከረም ሲጠባ በስትሩሚጻ ከተማ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ሁሉ የተጠበሰ ቃሪያ ይሸታሉ። ሴቱ ሁሉ አይቫር የሚሉትን የቃሪያ ድልህ ሊያበስል በየግቢው እሳት ያነዳል። ቀይ ቃሪያው ይጠበሳል፣ ይላጣል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ከዘይት ጋር ትልቅ ጎላ ውስጥ ገብቶ እስኪጠጥር ድረስ ቀኑን ሙሉ ይማሰላል። በዚህ ሰሞን ክንዷን ያላመማት ሴት ካለች ወይ ሰነፍ ናት ወይ አዲስ ሙሽራ። ስለዚህ ቫስካ ክንዷን ስታሻሽ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ እሷም ራሷን ማየት አልፈለገችም። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን የሚያፍናት ነገር ከፋሲካ ወዲህ አልተዋትም፤ ሐኪሙም «ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም» ብሎ ለሰኞ የልብ ምርመራ ቀጠሮ አስይዞላት ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ባሏ ትራይቼ ቃሪያውን በጆንያ በጆንያ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ከመረው። የበሰለ ቃሪያ ቀጠሮ አያውቅም፤ የእናት ልብ ግን ይጠብቃል፣ ምን ይሆናል! ቫስካ ባሏን «ቀጠሮው ተላለፈ» ብላ ዋሸችና ሽርጧን አሰረች። ሌላ ሰው ላይ የተዋሸ ቢሆን ኃጢአት ትለው ነበር፤ በራሷ ልብ ላይ ስትዋሽ ግን እንደ ጽድቅ ቆጠረችው።

ማክሰኞ ጎላው ተጣደ። በዚያ ቤት ደግሞ ሕግ አለ፤ ማማሰሉን የጀመረች እጅ ናት የምትጨርሰው። እጅ ከተቀያየረበት አይቫሩ ይሻግታል ይባላል። የትራይቼ እናት ስቶይና ሕጉን ከአማቷ ተቀብላ ለቫስካ አስተላልፋለች። አሁን አርጅታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሕጉ እንዳይጣስ ትጠብቃለች።

«ሥሩ እንዳይዝ! ጥልቅ አድርገሽ!»

«እያማሰልኩ ነው እማማ።»

«እያባበልሽው ነው እንጂ ይሄማ ማማሰል አይደለም!»

ከወይኑ ዳስ ሥር ተቀምጦ የሚያጨሰው ትራይቼ ሳቀ። «ተያት እማዬ፣ ቫስካ እኮ ሞተር ናት። ነዳጅ እንኳ አትጠይቅም።»

ቫስካም ሳቀች። ሳቁ ደረቷ ላይ ሲደርስ ተቆረጠ። አንድ ከባድ ነገር መጥቶ ተጫናት፤ ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ወረደ። እሳት አጠገብ የቆመ ሰው ቢያልበው ምን ይገርማል? መንጋጋዋን ጠዘጠዛት፤ የተቦረቦረው ጥርሴ ነው አለች። ክንዷ ዛለ፤ ማማሰሉ ነው አለች። ለሁሉም ምክንያት አላጣችም። ቅዳሜ ልጇ ዴያን ከጀርመን ይመጣል፤ በየዓመቱ እንደምታደርገው መኪናውን በአይቫር ጠርሙስ ሞልታ ልትሸኘው ነው። እሱን እያሰበች አማሰለች።

«ምን ሆነሻል? ከንፈርሽ አመድ መስሏል» አለች ስቶይና።

«ጭሱ ነው።»

«ክንድሽንስ?»

«ትንሽ ይዞኛል።»

«ቆይ በአረቄ ልሽልሽ። እኔ እኮ ትራይቼን በወለድኩ በሳምንቱ ነው ያማሰልኩት! ማን አሸኝ?» እያጉረመረመች ከበርጩማው ሥር የሸሸገችውን ጠርሙስ አወጣች፤ በከዘራዋ ተደግፋም መጣች። ቫስካ በቀኟ ማማሰሏን ሳታቋርጥ ግራ ክንዷን ዘረጋችላት። አሮጊቷ መዳፏ ላይ አረቄ አፍስሳ ማሸት ጀመረች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«አንቺ፣ የምታማስይው በቀኝሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ግራው ለምን ያምሻል?»

ቫስካ ጆንያ ተሸክሜ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ጆንያውን የተሸከመው ግን ትራይቼ ነበር። ማማሰሏን ቀጠለች።

«እናቴም ግራ ክንዴን እያለች ነው ጎላው አጠገብ የወደቀችው» አለች ስቶይና። «ለቀስተኛው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ነፍሷን ይማር፣ አይቫሩን ሳታሳርር ሞተች› አለ። እኔም ኮራሁ። ኮራሁ እኮ ቫስካ! አስቀምጪው።»

«ትንሽ ነው የቀረው እማማ። ዴያን ቅዳሜ…»

«አስቀምጪው አልኩሽ!»

«ያርራል!»

«ይረራ!»

ከዚያ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ስቶይና ማማሰያውን ልትቀማት ያዘች፤ ቫስካም አልለቅም አለች። ሁለት ሴቶች እሳት ዳር ቆመው በአንድ እንጨት ተናነቁ። ቫስካ ግትር ሆና አልነበረም፤ ፈርታ ነው። ማማሰያውን እስከያዘች ድረስ የደከማት ሴት ናት፤ ከለቀቀችው ግን የታመመች ሴት ልትሆን ነው። የታመመች እናት ደግሞ ለማን ትሆናለች?

ያ ክብደት እንደገና መጣ፤ አሁን ትንፋሿንም ይዞባት ሊሄድ ነው። ቫስካ የጎላውን ቀይ ፍል አየች፣ የአማቷን እርጥብ ዓይን አየች። መኖር ፈለገች። ለማንም ብላ ሳይሆን፣ ለራሷ መኖር ፈለገች። ጣቶቿን ዘርግታ ማማሰያውን ለቀቀችው።

«ትራይቼ!» አለች። «ታምሜያለሁ። ሆስፒታል ውሰደኝ።»

በትዳር ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ብላው አታውቅም። ትራይቼ ደንግጦ ተነሳ፤ ከአፉ የወጣው ግን «አይቫሩስ?» የሚል ሆነ። እናቱ ከዘራዋን አነሳችበት። «አንተ ደንቆሮ! መኪናህን አስነሳ!»

መንገዱ ሁሉ ቫስካ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ስትለቅም፣ ትራይቼም በየመታጠፊያው «አለሽ? ቫስካ፣ አለሽ?» ሲላት ሆስፒታል ደረሱ። ከልቧ ደም ሥሮች አንዱ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሐኪሞቹ ከፈቱት። ስቶይና እቤት ቀርታ እሳቱ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ደፋችበት። አይቫሩ ግን ከል እስኪመስል አርሮ ነበር። ሽታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሶ ጎረቤት «ምን ገጠማችሁ?» እያለ ሲመጣ፣ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች «አሳረርነው» ትል ነበር፣ ቀና ብላ።

አርብ ዕለት ዴያን ደወለ። ማንም አልነገረውም ነበር፤ መንገድ ላይ እንዳይደነግጥ ብለው ነው። ትራይቼ ስልኩን ወደ ሆስፒታሉ አልጋ አቀረበላት።

«እማ! ነገ እደርሳለሁ። አይቫሩ ደረሰ? እዚህ ያሉት ጓደኞቼ ሁሉ አይቫርሽን እየጠበቁ ነው።»

ቫስካ ትራስዋ ላይ ተደላደለች። ድሮ ቢሆን ይቅርታ ትለው ነበር።

«ዘንድሮ አይቫር የለም ልጄ» አለችው። «እናት ግን አለችህ።»