ከመድረኩ ሥር የቀበርኳቸው ጋኖች

ቤዝ ጊታር ማንም አላስተማረኝም። መካነ ሰላም ውስጥ የሚያስተምር ሰው ቢፈለግም አይገኝም ነበር። ለቀበሌው ኪነት መሣሪያ ሲመጣ ሁሉም በማይኩና በሊድ ጊታሩ ላይ ተሻማ፤ ባለ አራት ክሩን ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም። እኔ አነሣሁት፤ ከካሴት ጋር እያስተያየሁ ለብቻዬ አወቅኩት። ፈንክ የሚሉትን የፈረንጅ ምት ከአምባሰል ቅኝት ጋር ያዋሃድኩት እኔ ነኝ። ደሴዎች እኛ ነን ይላሉ፤ ይበሉ። ከወረኢሉ በጭነት መኪና ተጭኖ እኔን ሊሰማ የሚመጣ ሰው ነበር።

የቀበሌውን አዳራሽ መድረክም የሠራሁት እኔ ነኝ። ማጉያችን ትንሽ ስለነበር ቤዙ አልሰማ ሲል፣ ከሳንቃው ሥር ባዶ ጋኖች አፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ ቀበርኩ። ጋን ልሰበስብ በየቤቱ ስዞር ያልረገመኝ ሴት የለም። አንዷማ፣ «ለክርስትናው ጠላ በምን ልጠምቅ ነው? በጊታርህ?» አለችኝ። እያንዳንዱን በጣቴ አንኳኩቼ እንደ ደወል የሚመልሰውን ብቻ መረጥኩ። ከዚያ ወዲያ ክሩን ስመታ ሳንቃው ከእግር እስከ ጉልበት ይነዝር ጀመር።

ይህን የማወራው ለጉራ ብቻ አይደለም። ድራም የሚመታው ወዳጄ ያኔም ጆሮው ደካማ ነበር፤ ጫማውን አውልቆ የእኔን ቤዝ በእግሩ እያዳመጠ ነበር የሚመታው። ዛሬማ ጭራሽ አይሰማም፤ አፍ አይቶ ነው የሚመልሰው። ዘንድሮ ከአረብ አገር የተመለሰ አንድ ሰው አዳራሹን ገዝቶ ለሠርግ አደሰና፣ በምረቃው ቀን ከድሮው ባንድ የቀረነው ሁለታችን እንድንጫወት ጠራን። ወዳጄ ደስታውን አልቻለውም።

«ወላሂ፣ በዚያ ሳንቃ ላይ አንዴ ብቻ ልስማህ» አለኝ። «ከዚያ ስቲኮቹን ለፈለገ ሰው እሰጣለሁ።»

በምረቃው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሄድን። ገና በሩን ሳልፍ የቀለምና የሽቶ ሽታ ተቀላቅሎ ተቀበለኝ። ጣሪያው ላይ የጂፕሰም ጽጌረዳ፣ ግድግዳው ላይ መስታወት፣ መሃል ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ የሙሽራ ወንበር። መድረኩ ሴራሚክ ሆኗል። የሥጋ ቤት ወለል ይመስላል።

«ሳንቃውስ?» አልኩት ባለቤቱን።

«ለድግሱ ማገዶ ሆነ፣ አባባ። ምስጥ በልቶት ነበር።»

ምስጥ አልበላውም። ጽድ ነው፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

«ጋኖቹስ?»

«እነሱንማ ወድጃቸው በር ላይ አቆምኳቸው። ባህላዊ ናቸው።»

ስገባ አይቻቸው ነበር። ወርቃማ ተቀብተው የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶባቸው ሳይ፣ የማን ቅሌት ነው ብዬ አልፌያቸው ነበር።

ወዳጄ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። ድራሙ ዘንድ ተቀምጦ ጫማውን ፈታ፤ ካልሲውንም አወለቀ። ከፊት የተቀመጡት እንግዶች አፍንጫቸውን ያዙ። «እነ አባባ ሊሰግዱ ነው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ተሳሳቁ። እኔ ክሩን መታሁ። ወዳጄ እግሩን ሴራሚኩ ላይ ከወዲያ ወዲህ አዛወረ። ስቲኩን አነሣ፤ መልሶ አወረደ። ከዚያ አፌን አየ።

«ጀመርክ?» አለኝ።

ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ ተዛመተ። ባለቤቱ ቀረብ ብሎ፣ «ችግር የለም አባባ፤ ኦርጋኑ ድራሙንም ቤዙንም ራሱ ይመታዋል። እናንተ እንዲሁ እጃችሁን አንቀሳቅሱ፤ ለቪዲዮው ይበቃል» አለኝ።

«እጄን ለማንቀሳቀስማ ቤቴ ዝንብ አለልኝ» አልኩትና ማጉያዬን ነቅዬ ወጣሁ። ወዳጄም ጫማውን በአንድ እጁ፣ ትንሿን ድራም በሌላው ይዞ ተከተለኝ። ፊቱ ሊያለቅስ ያለ ሰው ፊት ነበር።

በር ላይ አበቦቹን እየነቀልኩ ጣልኩ። አበባው እንዳይወድቅ ብለው በየጋኑ ሲሚንቶ ሞልተውበታል። እንደ ደወል ይጮኽ የነበረውን ጋን ባንኳኳው ድንጋይ ሆኗል። አንዱ ላይ ግን ሲሚንቶው አልበቃቸው ኖሮ አሸዋ ብቻ ጨምረውበታል። አሸዋውን ገልብጬ ጋኑን በጎኑ አስተኛሁት። ማጉያውን በሩ አጠገብ ከቆመው የአዳራሹ ጄነሬተር ሰክቼ አፉን ወደ ጋኑ አፍ አዞርኩት። ወዳጄን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ባዶ እግሩን ከጋኑ ሆድ ላይ አሳረፍኩለት።

መታሁ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየና ትንሿን ድራም ጭኑ መሃል አድርጎ ገባ፤ ልክ በቦታው ገባ። የሚሰማን የበሩ ዘበኛና ሁለት አስተናጋጆች ነበሩ። ከውስጥ ያ ኦርጋን እንደ ወፍጮ ይደልቃል፤ ሕዝቡም ይጨፍርለታል። ጣዕም የሌለው ሕዝብ።

ወዳጄ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። «ፈጥነሃል» አለኝ።

«በዕድሜዬ ፈጥኜ አላውቅም» አልኩት። አፌን ግን አላየም፤ ዓይኑን መልሶ ጨፍኗል። እግሩን ከጋኑ ላይ ሳያነሣ ራሱን ወዘወዘ። እኔም ትንሽ ዝግ አልኩ፤ ለእሱ ብዬ ነው።