ለቀርከሃው ጦጣዎች አማች ፍለጋ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ማክሰኞ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የምሄደው ዲላ፣ ከዲላም አልፌ ቡሌ ደጋ ድረስ ነበር። የያዝኩት አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ ባዶ ብልቃጦች የተደረደሩበት ሳጥንና ሁለት ገጽ ውጤት ነው።

ሥራዬ የዱር እንስሳት ዘረመል በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከየጫካው የተለቀመ ጸጉርና ኩስ በብልቃጥ ይመጣልኛል፤ የማን ዘር እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ አጣርቼ እጽፋለሁ። እንስሳውን ራሱን ግን አላየውም። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ከቡሌ የባሌ ጦጣ ኩስ ሰብስቦ አመጣ። የባሌ ጦጣ በዓለም ላይ በእኛ አገር ደጋ ብቻ የሚኖር፣ ቀርከሃ በላተኛ ጦጣ ነው፤ ቀርከሃው በተመነጠረ ቁጥር እሱም ይመናመናል። ውጤቱ ሳይደርስ ተማሪው ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄደ። በማስታወሻ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ውጤቱን ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ ብዬ ለቀርከሃው ባለቤት ለአቶ በራሶ ቃል ገብቻለሁ።»

ስልክ መደወል ይቻል ነበር። ነገር ግን ዲላ የተወለድኩባት ከተማ ናት፤ እናቴን ከቀበርን ወዲህ አልረገጥኳትም። የምሄድበት ምክንያት ስፈልግ የኖርኩ ይመስለኛል።

ዲላ

ከሐዋሳ በኋላ መንገዱ አረንጓዴ እየሆነ ሄደ። ወደ ዲላ ስንቃረብ በመንገዱ ዳር የተከመረ አናናስ የሚሸጡ ሴቶች አውቶቡሱን ከበቡት። አንድ ገዝቼ ታቅፌው ወረድኩ።

ፔንሲዮን ያዝኩ። እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያዬን አየችና «አዲስ አበባ! ዲላን ያውቋታል?» አለችኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ወደ ድሮ ሰፈሬ ወረድኩ። የእናቴ ቤት ከተሸጠ ቆይቷል፤ በቦታው ፎቅ እየተሠራበት ነው። ቆሜ ሳይ አንድ ግንበኛ «ሰው ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «አይ፣ መንገድ ተሳስቼ ነው» አልኩና ዞርኩ። አናናሱን ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጠኋት፤ ብቻዬን ልበላው አልፈለግኩም።

ቡሌ

ረቡዕ ጠዋት የቡሌን ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ለሳጥኔ ለብቻው ሃምሳ ብር ጠየቀኝ። «ባዶ ብልቃጥ እኮ ነው» ስለው፣ «ባዶም ቦታ ይይዛል» ብሎ ተቀበለኝ። ዳገቱን ስንወጣ ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱ እየበዛ ሄደ፤ ከዚያ ጉም ዋጠን፤ ከጉሙ ስንወጣ ቀርከሃ ታየ።

አቶ በራሶ ቦት ጫማ አድርገው፣ ካፖርት ደርበው መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። በስልክ ተነጋግረን ስለነበር ወዲያው ለዩኝ።

«መጣህ? ጌታ ይባርክህ!» አሉኝ። የሳቸው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ ይሉኛል። «የመጀመሪያው ልጅ አልመጣም። አንቺ መጣህ። ጥሩ ነው።»

አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ቀርከሃው ከአባታቸው የወረሱት ነው። ዳር ዳሩን ለአጥር ቆርጠው ይሸጣሉ፤ መሃሉን አይነኩም። ገብተን ዝም ብለን ተቀመጥን። ብዙ ሳይቆይ ቅጠሉ ተንቀሳቀሰና ነጭ ጺም ያለው አንድ ፊት አየኝ። ከኋላው ልጇን ያዘለች እናት፣ ከዚያ ሌሎች። ለጋ የቀርከሃ ቅጠል እየቀነጠሱ ይበላሉ። ለወራት በቁጥር ብቻ ሳውቃቸው ኖሬ ድንገት ሲያዩኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ።

ከቀርከሃው ወጥተን ውጤቱን ነገርኳቸው። መልካሙን አስቀደምኩ፤ ጦጣዎቹ ንጹሕ የባሌ ጦጣ ናቸው፣ ከቆላው ጦጣ ጋር አልተዳቀሉም። ከዚያ ክፉውን አስከተልኩ፤ ሁሉም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ከውጭ አዲስ ደም ካልመጣ ግልገሎቹ እየደከሙ፣ መንጋው እያለቀ ይሄዳል።

አቶ በራሶ ዞረው ቀርከሃውን አዩ።

«አንድ ጎሳ ሆነዋል ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«ጌዴኦ ከጎሳው አያገባም። ነውር ነው። እኔ ሚስት ከሌላ ጎሳ አመጣሁ፤ ልጄንም ለሌላ ሰጠሁ። ለእነዚህ አማች የለም?»

ሁለት ዓመት ስማር ማንም እንዲህ አሳጥሮ አላስረዳኝም። ከተራራው ማዶ ባለው ደን ሌላ መንጋ እንዳለ፣ ከዚያም ናሙና መጥቶ እንደመረመርነው፣ ዘራቸው አንድ ሆኖ ዝምድናቸው የራቀ መሆኑን ነገርኳቸው። ወንዱ ሲጎረምስ መንጋውን ትቶ ወደ ሌላ መንጋ መሄድ ልማዱ ነው፤ እዚህ ግን መሄጃ አጥቷል።

አቶ በራሶ ብድግ አሉ። «ነይ» ብለው ወደ ቀርከሃው ጫፍ ወሰዱኝ። አንድ ወጣት ወንድ ጦጣ ከመንጋው ተለይቶ ጉቶ ላይ ተቀምጧል። ጀርባው ወደ እኛ፣ ፊቱ ወደ ማዶው ተራራ ነው።

«ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ማዶ ያያል፣ ይመለሳል። የታመመ መስሎኝ ጸለይኩለት።»

የእሱን ነገር ከራሴ ኑሮ ጋር እንዳላያይዘው ታገልኩ።

ወይዘሮ አስቴር

ከጉቶው በታች ሜዳ አለ፤ ከሜዳው በታች ወንዝ። በወንዙ ዳርቻ ቀጭን የቀርከሃ መስመር እየተጠማዘዘ እስከ ተራራው ይወጣል። ሌላው ሁሉ እርሻ ነው፤ ጦጣ ተደብቆ ወደ ማዶው ደን ሊሻገር የሚችለው በዚያ ብቻ ነው። ያ መስመር የወይዘሮ አስቴር መሬት ላይ ነው። አቶ በራሶ እንደነገሩኝ፣ ባሏ የሞተባት ብርቱ ገበሬ ናት፤ በዚህ በጋ ቀርከሃውን መንጥራ ድንች ልትተክል አስባለች። ጦጣ የሚያባርር ትልቅ ውሻም አላት።

ሐሙስ ጠዋት ቤቷ ሄድን። ቆጮ በጎመን አቀረበችልን፤ ሳንበላ ወሬ አይጀመርም አለች። ስንጨርስ አቶ በራሶ የጎሳውን ነገር በጌዴኦኛ አስረዷት። ሳቀች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሳቋን አቆመች።

«ጦጣ ድንቼን ሲበላ የት ሄጄ ልክሰስ? እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ ታዝናላችሁ፤ እኔ እዚህ ሦስት ልጅ አበላለሁ።»

«እውነትሽን ነው፣ እትዬ አስቴር» አልኳት። «የምሰጥሽ ነገር የለኝም። ያወቅነውን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

«ሌላው ልጅ እመለሳለሁ ብሎ ነበር» አለች።

«በሱ ፈንታ ነው የመጣሁት።»

ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ለአቶ በራሶ እንጂ ለእኔ አልተናገረችም።

«ቀርከሃውን እስከ ክረምት አልነካም። ውሻውንም ቀን ቀን አስራለሁ። ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ።»

መመለስ

ዓርብን ብልቃጦቼን ስሞላ ዋልኩ፤ የጎረምሳውን ኩስ አቶ በራሶ ራሳቸው አገኙልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ገባሁ። ብልቃጦቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ስደረድር፣ ከዚህ በፊት አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ከቁጥሩ አጠገብ «ጉቶው ላይ የሚቀመጠው» ብዬ ጻፍኩ። እኛ ማን ለማን እንደሚያስፈልግ መለየት እንችላለን። መንገዱን የምትከፍተው ግን ቀርከሃዋን ያልመነጠረች ሴት ናት። እሷ ደግሞ ቃሏን የሰጠችው ከወረቀቱ ይልቅ አንድ ሰው ተመልሶ በመምጣቱ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ በራሶ ደወሉ።

«ጎረምሳው ሄደ። አስቴር በወንዙ ቀርከሃ ሽቅብ ሲሄድ አየችው። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።»

ከማዶው ደን አዲስ ናሙና ከመጣ መድረሱን ልናውቅ እንደምንችል ነገርኳቸው። መንገድ ላይ ቀርቶም ሊሆን እንደሚችል አልደበቅኳቸውም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሂድ ብዬ የጸለይኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን ጠዋት ስወጣ ዐይኔ ይፈልገዋል።»

«ናፍቆዎት ነው?»

«ናፈቀኝ እንጂ! ቢሆንም አይመለስ።»

ስልኩን ዘግቼ ከማዶው ደን ናሙና እንዲሰበሰብ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።