በካሴት የገደልኩት የውርጌሳ ሰው

ባለፈው ሳምንት ወልድያ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ ቁርስ ቤት ፍርፍር አዝዤ ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ፊልም ያሳያል። አንድ ፈረንጅ ወገቡ ላይ ካለችው ቁራጭ ቆዳ በቀር ምንም ሳይለብስ በሐረግ ተንጠልጥሎ ከዛፍ ዛፍ ይወረወራል። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሳቁ። እኔም ፈገግ ብዬ ልጎርስ ስል፣ ሳጥን የተሸከሙ ጥቁር ሰዎች በገደል አፋፍ ተሰልፈው ሲሄዱ አየሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። በወጣትነቴ ያየሁት ፊልም ይሁን ሌላ አላውቅም፤ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሁሉ አንድ ገደል የሚከራዩ ይመስለኛል።

"ሦስተኛው ነው የሚወድቀው" አልኩ ሳላስበው።

ሦስተኛው ወደቀ። ወጣቶቹ ዞረው አዩኝ።

"ጋሼ፣ አይተውታል እንዴ?"

"አዎ፣ ድሮ" ብዬ ወደ ፍርፍሬ ተመለስኩ። ለማያውቁት ሰው ቁርስ ላይ የሚነገር ታሪክ አልነበረም።

ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መርሳ ላይ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ጋሽ ሞላ የሚባል መካኒክ ከአዲስ አበባ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ አምጥቶ ጋራዡን ቪዲዮ ቤት አደረገው። ወንበሮቹ የመኪና ጎማዎችና አጣና ነበሩ። ቆርቆሮው ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ቤቱ የናፍጣና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ወሩ ጥቅምት ስለነበር ተመልካቹ ሁሉ ጥንቅሽ ይዞ ይገባል። ፊልሙ ሲያልቅ ወለሉ ላይ የሚቀረው የአገዳ ምጣጭ አንዲት ላም ለሳምንት ይቀልባል።

ካሴቶቹ በእንግሊዝኛ ስለነበሩ ተርጓሚ ያስፈልግ ነበር። ጋሽ ሞላ "እንግሊዝኛ ይችላል" ሲሉት ሰምቶ እኔን ያዘኝ። እችል የነበረው ፊልሙ ውስጥ ከሚነገረው አሥር ቃል አንዱን ነበር። ዘጠኙን ከራሴ እሞላለሁ። ኋላ ላይ ብዙ ትርጉም መጻሕፍት ካነበብኩ በኋላ፣ ያ ሥራዬ ያን ያህል የሚያሳፍር እንዳልነበረ ተረድቻለሁ።

የጫካውን ሰው ፊልም ያሳየን ጊዜ ጋራዡ ጢም ብሎ ሞላ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ፈረንጆች የዝሆን ጥርስ ፍለጋ ይመጣሉ፣ በጫካ ያደገው ፈረንጅ ደግሞ አንዴ ያድናቸዋል፣ አንዴ ያባርራቸዋል። ፈረንጆቹ ስም አላቸው። ውሻቸውም ስም አለው። ሳጥኑን የሚሸከሙት ሰዎች ግን ስም የላቸውም። አንዱ ከገደል ሲወድቅ አለቃቸው የጠየቀው ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ነው። ይህ አናደደኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ይሆናል። ንዴቱን የጨመርኩበት ከዓመታት በኋላ፣ መጽሐፍ ሳነብ ነው። ያኔ የፈለግሁት ቤቱን ማሳቅ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ተሸካሚዎቹን በዱላዬ እየጠቆምኩ ስምና የአካባቢያችንን መንደር ሰጠኋቸው።

"ይሄ የፊተኛው የሲሪንቃው መኮንን ነው። ከኋላው ያለው የሐራው ይማም። ሦስተኛው የውርጌሳው አራጌ ነው፤ እንጀራ ፍለጋ አገር ጥሎ የወጣ።"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሦስተኛው ሲወድቅ "ወይኔ አራጌ! እናቱን ማን ይነግራት ይሆን!" ብዬ ጮህኩ። ሳቁ እንደገና አስተጋባ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መርሳ ትጠበኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ዕለት፣ ከውርጌሳ እየተመላለሰ አብሮኝ የሚማረው ጌታቸው በእረፍት ሰዓት ጎኔ ተቀመጠ።

"እሁድ ሰፈራችን መርዶ አለ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የእማማ በላይነሽ ልጅ። ጅቡቲ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ሦስት ዓመቱ፤ ደብዳቤም አልጻፈ። ለካ ሰው አገር ዕቃ ተሸክሞ ሲሄድ ገደል ገብቶ ሞቷል።"

"ማን አየው?"

"በቪዲዮ ታይቷል አሉ።"

"ስሙ ማነው?" አልኩት። ስሙን ከመናገሩ በፊት ጥንቅሹ አፌ ውስጥ እንደ እንጨት ሆነ።

እንደገመትኩት፣ ካዩት አንዱ ነገሩን ውርጌሳ ገበያ ላይ ለቀልድ አወራው፤ ሁለተኛው ቀልዱን ትቶ ወሬውን ወሰደ፤ ሦስተኛው ዘንድ ሲደርስ ሐዘን ሆነ። አራጌ የሚባል በዚያ አካባቢ ሞልቷል። አገር ጥሎ የወጣውና ድምፁ የጠፋው ግን አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሚያጣራ ሰው ሊገኝ አይችልም፤ ምክንያቱም በአገራችን መርዶ እንደ ዜና አይነገርም። ዘመድ ሰምቶ ይደብቃል፣ ጎረቤት ሰምቶ ዝም ይላል፣ ሽማግሎች ቀን ይቆርጣሉ፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በር ይመታል። እስከዚያ ድረስ የሟቹን እናት "ልጅሽ ደብዳቤ ጻፈ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ይህ ልማድ የርኅራኄ ሥራ ነው፤ አሁንም አምንበታለሁ። ግን ለተሳሳተ ወሬ ከዚህ የተሻለ መጠለያ አይገኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ብርቱካን ጭኖ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ውርጌሳ ወረድኩ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል። የእማማ በላይነሽን ወንድም ጋሽ ይመርን ያገኘኋቸው ከማሳቸው ማማ ላይ፣ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርሩ ነው። ስድሳ የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን እንደ ሻሽ የጠመጠሙ ሰው ነበሩ። ቀን ቆራጩም እሳቸው ነበሩ።

"ጋሽ ይመር፣ አራጌ አልሞተም" አልኳቸው ከታች ሆኜ።

ወንጭፋቸውን አስቀመጡ። "እግዜር ይስጥህ ልጄ። እኔም እህቴን እንደዚያው ነው የምላት።"

"የእውነቴን ነው!"

"የእውነትህን ነው እንጂ። እስከ ነገ ድረስ አልሞተም።"

"እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ቪዲዮው ላይ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ!"

ወርደው ትከሻዬን ያዙኝ። "አብሮ አደግህ ነበር? አይዞህ። ሐዘን እንዲህ ያስለፈልፋል።"

በዚያ ሰፈር ሞትን መካድ የሞት ማረጋገጫ ነበር። በማልኩ ቁጥር አራጌን ይበልጥ ቀበርኩት። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ "እንግዲያው መርሳ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት" አልኳቸው። ይህ ገባቸው። ሬሳ ሳይታይ መርዶ መንገር እሳቸውንም ሳይከነክናቸው አልቀረም። ሁለት ሽማግሎች ጨመሩና በቀጣዩ መኪና ወጣን።

ጋሽ ሞላ ሽማግሎቹን ሲያይ ቪዲዮ ቤቱን ሊያዘጉት የመጡ መስሎት ደነገጠ። ነገሩን ስነግረው እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ጄኔሬተሩን አስነሳና የደንበኞቹን ምጣጭ ጠርጎ ሽማግሎቹን ጎማዎቹ ላይ አስቀመጣቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ ለለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው ተቀመጡ። ፊልሙ ተጀመረ።

"ይሄ የት አገር ነው?" አሉ ጋሽ ይመር።

"አፍሪካ ነው ይላሉ።"

ጥቂት አሰቡ። "እኛስ የት ነን?"

ፊልሙን እንዲያዩ ጠቆምኳቸው። 

ራቁቱን ያለው ፈረንጅ ብቅ ሲል አንደኛው ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩ። ፈረንጁ ዝንጀሮዎቹን ጠርቶ ሲያዛቸውና ሲታዘዙለት ግን መልሰው አዞሩ። "ይሄ ሰውዬ ወደ ወረዳችን ሀብሩ ቢመጣ እኮ ማሽላችን ሳይነካ ይገባ ነበር!" አሉ። ሦስቱም ለአንድ አፍታ የመጡበትን ረሱ። ከዚያ ገደሉ መጣ። ተሸካሚዎቹ ተሰልፈው ታዩ። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው እግሩ ከዳውና ወረደ። ጋሽ ይመር "ልጄን!" ብለው ደረታቸውን መቱ።

"አስተውለው ይዩት! ፊቱን ይዩት!" እያልኩ ጮህኩ።

"ፊቱን መች አየሁት! መልሰው!"

ጋሽ ሞላ ምስሉ እየታየ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነው። ያን ጊዜ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የወደቀው ሰው ከገደሉ ሥር ተነሣ። እጆቹን ዘርግቶ በአየር ላይ ሽቅብ መጣ፣ አፋፉ ላይ በእግሩ ቆመ፣ ሳጥኑም ከታች በርሮ ራሱ ላይ ተቀመጠለት። ሽማግሎቹ ካሉበት ብድግ አሉ።

"ተነሣ!" አሉ ባንድ ድምፅ።

"እዚያ ላይ አቁመው!" አልኩ። ጋሽ ሞላ አቆመው። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰውዬው ፊቱን ወደ እኛ እንዳዞረ ቆመ። ጋሽ ይመር ትንፋሻቸው መስታወቱን እስኪያደበዝዘው ተጠጉ። ሰውዬው ጉንጩ የጎደጎደ፣ ጢሙ ሽበት የወረረው ሰው ነበር። አራጌ ከአገር ሲወጣ ሃያ ዓመት አልሞላውም።

"ይሄ እኮ የእኔ ታላቅ ነው!" አሉ ጋሽ ይመር። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቃቸው እየቆየ እንባ ቀላቀለ። ሁለቱ ሽማግሎችም ተከተሏቸው። አንዴ እንደገና እንዲነሣ ጠየቁ። ሦስቴ አስነሣነው።

ጋሽ ይመር አብሬያቸው ውርጌሳ ካልተመለስኩ አሉኝ፤ ለእህታቸው መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። ያላሰብነው ነገር ቢኖር ሦስት ሽማግሌ አንድ ላይ ወደ አንዲት እናት ቤት ሲሄድ ምን እንደሚመስል ነው። እማማ በላይነሽ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥሩ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጡ፣ ቆሙ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

"ተናገሩ" አሉ። "ሰፈሩ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሳምንት ሊሆነው ነው። ጎረቤቴ ጨው ስትዋስ እንኳ ስለ ልጄ አልጠየቀችኝም። ምን እንደያዛችሁ አውቃለሁ።"

ጋሽ ይመር ጀርባዬን ወደፊት ገፋ አደረጉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዱላውን፣ ሳቁን፣ ስሙን፣ "እናቱን ማን ይነግራት ይሆን" ያልኩትን ጭምር። ስጨርስ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"እንግዲያው የገደልከው አንተ ነህ?"

"አዎ እማማ።"

"ሌላ የገደለው የለም?"

"የለም።"

ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡና ነጠላቸውን ፈቱ። ረጅም ትንፋሽ አወጡ። "ግባና እሸት ብላ" አሉኝ። "ገዳይ ባዶ ሆዱን አይሄድም።" የተጠበሰ የማሽላ እሸት አቀረቡልን። እንደዚያ ቀን ጣፋጭ እሸት በልቼ አላውቅም።

ነገሩን ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቅዳሜ ያረጋገጥነው አራጌ ከዚያ ገደል እንዳልወደቀ ብቻ ነበር። ዓለም ደግሞ አንድ ገደል ብቻ አይደለም ያላት። በሕይወት ለመኖሩ ማናችንም ቅንጣት ማስረጃ አልነበረንም፤ ግን እንደተመለሰ ሰው ቆጠርነው። እምነታችን ከማስረጃችን በጣም ይበልጥ ነበር። ዕድል ባይረዳኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው በሌላ ቃና ይጽፈው ነበር።

ዕድል ግን ረዳኝ። በፋሲካ ሰሞን እማማ በላይነሽ በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር የተላከ ደብዳቤ ይዘው መርሳ መጡ። ውርጌሳ ውስጥ ማንበብ የሚችል ጠፍቶ አልነበረም። "የገደልከው አንተ፤ አንብብልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው። አራጌ ደህና ነበር፤ ወረቀት ለመግዛት ሰንፎ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ይሠራል።

"ተሸካሚ" አሉ እማማ፤ አዩኝ። "እዚያ ገደል አለ?"

"የለም እማማ። ሜዳ ነው፤ ከዚያ ባሕር ነው።"

"ባሕሩስ ጥልቅ ነው?"

ጥልቅ አይደለም፣ እስከ ጉልበት ነው ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

"እሱ አልተጻፈም" አልኳቸው።

አራጌ ዛሬ ተመልሶ የሀብሩ ሰው ሆኗል፤ ልጆች አሉት፤ ሲያገኘኝ አጥብቆ ይስመኛል፤ እናቱ ምን ያህል እንደነገሩት ጠይቄው አላውቅም። እኔም በጽሑፍ ነው የምተዳደረው፤ ሥራው ሲያስገድደኝ ሰው እገድላለሁ። ስም እሰጠዋለሁ፣ ዕድሜ እሰጠዋለሁ፣ ጉንፋን ወይም ጥይት እልክበታለሁ። የትውልድ መንደር ግን አልሰጠውም።